የጾም ምግብና የጾም ኬክ፤ በሳይንስ ትምህርት ዓይን ሲታይ

ምግብ ለሰው ልጅ ምን ያህል አስፈላጊ እንደ ሆነ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያሻም። ዳሩ ግን በየቀኑ ከምንበላው ነገር ውስጥ ያለውን ጥበብ የምንመረምር ተማሪዎች ጥቂቶች ነን። በኬሚስትሪ ክፍል ስለ አሲድና ስለ ቤዝ፥ በባዮሎጂ ክፍል ስለ ፕሮቲን እንማራለን፤ ወደ ቤት ስንገባ ግን እናቶቻችን በምድጃ ላይ የሚሠሩት ሥራ ከደብተራችን ጋር የሚገናኝ አይመስለንም። እኔም በዚህ ጽሑፍ ልገልጽ የምወደው ከእንስሳት የሚገኝ ነገር ሳይገባበት ስለሚሠራው ምግብ፥ ይኸውም ስለ ጾም ወጣችንና በዚያው ዓይነት ስለሚጋገረው ዳቦና ኬክ ነው።

ይህን ርእስ የመረጥሁበት ምክንያት አለ። ባለፈው ዓመት በዐቢይ ጾም ወራት በክፍላችን ክርክር ተነሥቶ ነበር። አንዱ ወገን «የጾም ምግብ ጉልበት አይሰጥም፤ ለፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ሊበላው አይገባም» ይል ነበር። ሌላው ወገን ደግሞ «ሽሮና ጎመን የሚበላ ሰው ዕድሜውን ሁሉ ቢበላ ምንም አይጎድልበትም» ብሎ ይመልስ ነበር። በዚህ መካከል አንዲት የክፍል ጓደኛችን ከፋሲካ በኋላም ቢሆን ወደ ሥጋና ወደ ወተት ፈጽማ እንደማትመለስ ተናገረች። የእርስዋ ነገር ከክርክር ያለፈ የሰውነት ጤና ጉዳይ ስለ ሆነ፥ መጻሕፍትን በማንበብ፥ መምህራንን በመጠየቅና በወጥ ቤት በመሞከር ያገኘሁትን እነሆ አቀርባለሁ።

በመጀመሪያ ስለ ስሙ ጥቂት ልናገር። በእንግሊዝ አገር እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1944 ዓ.ም. ዶናልድ ዋትሰን የሚባል ሰው ከጥቂት ጓደኞቹ ጋር ማኅበር መሥርቶ፥ ከሥጋ ብቻ ሳይሆን ከወተትና ከእንቁላልም የሚርቁትን ሰዎች «ቪጋን» የሚል አዲስ ስም አወጣላቸው። ስሙ አዲስ ቢሆንም አበሳሰሉ ለእኛ አዲስ አይደለም። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ ይጾማል፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፥ ጾመ ፍልሰታ 15 ቀን፥ ጾመ ነነዌ 3 ቀን ነው፤ የነቢያትና የሐዋርያት ጾምም በዚህ ላይ ይጨመራሉ። ስለዚህ የኢትዮጵያ ባለሞያ ሴት ከዓመቱ ብዙውን ቀን ያለ ቅቤና ያለ ሥጋ ስታበስል ኖራለች ማለት ነው። በውጭ አገር ባሉ የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች ሥጋ የማይበሉ የውጭ ሰዎች በያይነቱን የሚወድዱት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ወጡ ለእነርሱ ተብሎ አልተፈጠረም፤ ተጠንቶ ተፈትኖ ጠበቃቸው እንጂ።

ነገር ግን የጾም ምግብና የቪጋን ምግብ አንድ ናቸው ማለት ስሕተት ነው። ቪጋን የሚባለው ሰው ማር አይበላም፤ በጾም ግን ማር በዳቦ የሚበላ ብዙ ነው። ዓሣን በጾም የሚበላም የማይበላም አለ፤ ቪጋን ግን ፈጽሞ አይበላም። ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ደግሞ ጾም የሚፈታበት ቀን ያለው መሆኑ ነው። ይህ የመጨረሻው ነገር ቀላል ይመስላል፤ ወደ ታች ስለ ቪታሚን ስንናገር ግን የነገሩ ቍልፍ እርሱ ሆኖ እናገኘዋለን።

«የጾም ወጥ ጣዕም የለውም» የሚሉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ የበሉት ተጣድፎ የተሠራውን ነው። በፍስክ ወጥ ቅቤው ብዙ ጥፋት ይሸፍናል፤ በጾም ግን የሚሸፍን ነገር የለም፤ ሽንኩርቱ ካልበሰለ አለመብሰሉ ይታወቃል። እናቴ ሽንኩርቱን በደቃቁ ከትፋ ዘይት ሳይገባበት በደረቅ ድስት ታቁላላዋለች። በዚህ ጊዜ የሚሆነው ምንድን ነው? በሽንኩርቱ ውስጥ ያለው ውሃ በእንፋሎት ይወጣል፤ ዓይናችንን የሚያስለቅሰው የድኝ ዘር ያለበት ቅመምም አብሮት ይሄዳል፤ የቀረው ስኳር እየጠቆረ ሲሄድ የጣፈጠና የከበደ መዓዛ ይሰጣል። ዘይቱ አስቀድሞ የገባ እንደ ሆነ ሽንኩርቱ በዘይት ይሸፈንና ውሃው ቶሎ አይወጣም፤ ወጡም እንደ ጥሬ ሽንኩርት ይሸታል።

ከዚያ በኋላ ዘይቱ ይገባል፤ በርበሬውም ይጨመራል፤ ውሃ ጠብ እየተደረገበት ይቁላላል። የበርበሬ ቀይ ቀለምና ማቃጠሉ በውሃ ሳይሆን በቅባት የሚሟሙ ስለ ሆኑ፥ ዘይት የሌለበት ወጥ ቀለሙ ይገረጣል። ውሃውም ጠብ የሚደረገው በርበሬው እንዳያርር ነው፤ ውሃ እስካለ ድረስ የቁሌቱ ሙቀት ከውሃ መፍያ ብዙ አያልፍምና። ይህን ሁሉ እናቴ በፊዚክስ ቃል አትናገረውም፤ «እንዳይዝ ውሃ ጣል አድርግበት» ትላለች እንጂ። ሌላው ዘዴዋ ዘይትን እንደ ቅቤ ማንጠር ነው፤ ይኸውም ኮረሪማ፥ በሶብላ፥ ኮሰረትና አብሽ በለስላሳ እሳት በዘይት ውስጥ አቆይቶ ማጥለል ነው። የንጥር ቅቤ ሽታ እኩሌታው የቅመሙ እንጂ የቅቤው አለመሆኑን በዚህ አወቅሁ።

አሁን ወደ ሽሮ ልመለስ። ሽሮ በተማሪ ዘንድ የሚናቅ ምግብ ሆኖአል፤ እኔ ግን ከወጦች ሁሉ ብልሃት የሞላበት ሽሮ ነው ብዬ እከራከራለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ስለ ሆነ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህም ውሃ በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይፈላል፤ ከዚያም በላይ የቱንም ያህል እሳት ብንጨምር የወጡ ሙቀት አይጨምርም፤ እንጨት ብቻ ይባክናል። በደጋ አገር ባቄላ ወይም ሽምብራ እንደ ቆላው ቶሎ የማይበስለው በዚህ ምክንያት ነው። እንግዲህ እህሉን አስቀድሞ ቢያምሱት፥ ቢከኩት፥ ልጣጩን ቢያበጥሩት፥ ከነጭ ሽንኩርትና ከዝንጅብል፥ ከኮረሪማና ከበሶብላ፥ ከበርበሬም ጋር አመጣጥነው ቢያስፈጩት፥ በችኮላ ቀን ጥቂት ደቂቃ ፈልቶ የሚደርስ ወጥ ይሆናል። ማመሱም ለጣዕም ብቻ አይደለም። በጥሬ ጥራጥሬ ውስጥ ትሪፕሲን የሚባለውን የሆድ ኤንዛይም ሥራ የሚከለክል ነገር አለ፤ ሙቀት ያጠፋዋል።

እህሉን ሳያስፈጩ እንዳለ መቀቀል የሚፈልግ ሰው ሌሊቱን በውሃ ይዘፍዝፈው። አንዳንዶች ቶሎ እንዲበስል ሶዳ ይጨምሩበታል፤ በእርግጥም ያለሰልሰዋል፥ ነገር ግን ሶዳው ቪታሚን ቢ1ን ስለሚያጠፋ እኔ አልመክረውም።

ስለ ፕሮቲን የተነሣው ክርክር እንዲህ ነው። ከ100 ግራም ደረቅ ምስር ውስጥ ወደ 25 ግራም የሚጠጋ ፕሮቲን ይገኛል፤ አንድ እንቁላል ግን 6 ግራም ያህል ብቻ አለው። በዚህ ብቻ ቢፈረድ ምስሩ ያሸንፍ ነበር። ፕሮቲን ግን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች የተሠራ ነው፤ ከእነዚህም ዘጠኙን ሰውነታችን ራሱ ሊሠራቸው ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለብን። ስንዴ፥ ገብስና በቆሎ ላይሲን የተባለው ያንሳቸዋል። ምስር፥ ባቄላና ሽምብራ ላይሲን ሞልቶአቸዋል፤ ሜታዮኒን የተባለው ግን ያንሳቸዋል። ስለዚህ እህሉ የጎደለውን ጥራጥሬው ይሞላለታል፤ ጥራጥሬው የጎደለውን እህሉ ይሞላለታል። እንጀራ በሽሮ፥ ቂጣ በምስር፥ ንፍሮ ከስንዴና ከባቄላ ተቀላቅሎ ሲበላ የሚሆነው ይኸው ነው። ጤፍ ደግሞ ከሌሎች የእህል ዘሮች ላይሲኑ የተሻለ ነው።

ከዚህ የተነሣ ዳቦ በሻይ ብቻ ቍርስም ምሳም አድርጎ የሚጾም ተማሪ ሰውነቱ የሚደክመው በጾሙ አይደለም፤ ዳቦው ያለ ጓደኛ ስለ ቀረ ነው። በኪሱ ጥቂት ቆሎ ከሽምብራ ጋር ቢይዝ ይሻለው ነበር።

ስለ ብረትም አንድ ነገር ልጨምር። ቀይ ጤፍ ብረት የሞላበት ነው ሲባል እንሰማለን። እውነት አለበት፥ ነገር ግን በአንዳንድ ምርመራ የተገኘው ብዙ ብረት ከፊሉ በአውድማ ላይ ከአፈር የተቀላቀለ መሆኑ ታውቆአል፤ የአፈር ብረት ደግሞ ለሰውነት እምብዛም አይጠቅምም። በእህል ውስጥ ፋይቲክ አሲድ የሚባል ነገር አለ፤ ብረትንና ዚንክን ይይዝና ወደ ደም እንዳይገቡ ያደርጋል። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ተቦክቶ ሲቆይ ግን ይህ አሲድ ይቀንሳል። እንግዲህ እርሾ እንጀራውን ዓይናማ ከማድረጉና ከማኮምጠጡ ሌላ ይህን ሥራ በስውር ይሠራል። በወጡ ላይ ሎሚ መጭመቅ፥ ቃሪያና ቲማቲም አብሮ መብላት በውስጣቸው ባለው ቪታሚን ሲ ምክንያት ብረቱ እንዲገባ ይረዳል። ሻይና ቡና ግን ይከለክሉታል፤ ስለዚህ ከምግብ ጋር ሳይሆን ከሰዓት ያህል በኋላ ቢጠጡ ይመረጣል። ይህን ለአያቴ ነግሬአት «ቡናዬንም ልትከለክለኝ ነው?» አለችኝ፤ በኋላ ግን ቡናዋን ከምሳ ራቅ አድርጋዋለች።

ስለ ጓያ ሳልናገር ባልፍ ጽሑፌ ጎዶሎ ይሆናል። ጓያ ድርቅን ችሎ የሚበቅል፥ ዋጋው ርካሽ የሆነ ጥራጥሬ ነው፤ ሽሮውም ይጣፍጣል። ነገር ግን ኦዳፕ በሚል አጭር ስም የሚጠራ የነርቭ መርዝ በውስጡ አለ። ጓያ በችግር ጊዜ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግርን ያሽመደምዳል፤ የተሽመደመደውም አይድንም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹ በጎንደር በኩል በደንቢያና በፎገራ፥ በ1990ዎቹም መጨረሻ በወሎ በደላንታ ብዙ ሰዎች በዚህ ተጎድተዋል። ከተጎዱትም ብዙዎቹ ወጣቶች፥ ይልቁንም ወንዶች መሆናቸው ለእኛ ዕድሜ ማስጠንቀቂያ ነው። ጓያ ሲፈላ እንፋሎቱ ነው የሚያሽመደምደው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ጉዳቱ ግን ከመብላት ነው። ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት መርዙን ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም፤ ከሌላ እህል ጋር በጥቂቱ መቀላቀልም አደጋውን ያሳንሰዋል።

ይህ ነገር ከተማ ላለውም ሰው ይመለከተዋል። ተፈጭቶ የሚሸጥ ርካሽ ሽሮ ውስጥ ጓያ መቀላቀሉ የታወቀ ነው፤ ዱቄት ከሆነ በኋላ በዓይን መለየት ያስቸግራል። ፍሬው ግን ይታወቃል፤ እንደ አተር ክብ ሳይሆን እንደ ሽብልቅ ማዕዘን ያለው ነው። ስለዚህ አተሩን፥ ባቄላውን ወይም ሽምብራውን በፍሬው ገዝቶ፥ ለቅሞ ማስፈጨት ከሁሉ ይሻላል። በሁዳዴ 55 ቀን በየቀኑ ሽሮ የሚበላ ቤተ ሰብ ከሌላው ይልቅ ለዚህ ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

አሁን ወደ ክፍል ጓደኛችን ጥያቄ እንምጣ። ሰው ዕድሜውን ሁሉ ከእንስሳት ምንም ሳይበላ በጤና ሊኖር ይችላልን? ይችላል፤ ዳሩ ግን አንድ ነገር በእጁ መጨመር አለበት። እርሱም ቪታሚን ቢ12 ነው። ይህን ቪታሚን የሚሠሩት ባክቴሪያዎች ብቻ ናቸው፤ ዕፀዋት አይሠሩትም። ሰው የሚያገኘው ከሥጋ፥ ከዓሣ፥ ከወተትና ከእንቁላል ነው። ለአንድ ጎልማሳ ሰው በቀን የሚያስፈልገው 2.4 ማይክሮግራም፥ ይኸውም ከአንድ ግራም በሚሊዮን ተካፍሎ ከሁለት ተኩል የማይበልጥ እጅ ነው። ይህ እጅግ ጥቂት ቢሆንም ሲጎድል የደም ማነስን ያመጣል፤ ነርቭንም ይጎዳል፤ የነርቩ ጉዳት ከቆየ ላይመለስ ይችላል።

በጾም የሚኖር ሰው ይህ የማይደርስበት ጉበት ቢ12ን ለዓመታት የሚበቃ አድርጎ ስለሚያከማች ነው። ጾሙ ሲፈታ የሚበላው እንቁላል፥ ወተትና ሥጋ ጎተራውን ይሞላለታል፤ በጾም ወራት ከጎተራው እየወጣ ያገለግላል። ጾም የሚፈታበት ቀን አለው ያልሁት ለዚህ ነው። ጓደኛችን ግን ጎተራዋን የሚሞላላት በዓል ስለማይኖር፥ ቢ12 የተጨመረበት ምግብ ወይም የቪታሚኑን ኪኒን ዘወትር ልትወስድ ይገባታል። ስልጆም ሆነ እንጀራ የቦካ ስለ ሆነ ይበቃል የሚል አሳብ ሰምቻለሁ፤ በእርሱ መተማመን አይገባም። ይህን ስነግራት ጥቂት ተቈጣች፥ በኋላ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዳ ጠይቃ ተመሳሳይ መልስ አገኘች፤ አሁን ኪኒኑን ትወስዳለች። ሥጋውን ግን አልተመለሰችበትም።

ከከባዱ ነገር ወደ ጣፋጩ እንለፍ። እኛ ዘንድ ያለ ቅቤና ያለ እንቁላል የሚጋገር ጣፋጭ ነገር ሞልቶአል። ድፎ ዳቦ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ፥ ከላይም ከታችም እሳት ተደርጎለት፥ ጥቁር አዝሙድ ገብቶበት ሲበስል የሚሰጠው ሽታ ሠፈሩን ሁሉ ያውዳል። አምባሻ በኮረሪማና በዘቢብ፥ ዳቦ ቆሎ በዘይትና በበርበሬ ታሽቶ፥ ጭብጦ ከበሶ ተለውሶ ይሠራሉ። በየመንገዱ የሚሸጠው ቦምቦሊኖና ምስር የገባበት ሳምቡሳ ለተማሪ ኪስ የተስማሙ ናቸው። የሽምብራ ዓሣንም እዚህ ላይ ባነሣው ደስ ይለኛል፤ የሽምብራ ዱቄት ተለውሶ በዓሣ መልክ ተቀርጾ ከተጠበሰ በኋላ በወጥ ውስጥ ይገባል። ፈረንጆች ዛሬ ከአተርና ከአኩሪ አተር ሥጋ የሚመስል ነገር ሠርተው በብዙ ገንዘብ ይሸጣሉ፤ የእኛ ሴቶች ግን ከሽምብራ ዓሣ ከሠሩ ብዙ ዘመን ሆኖአቸዋል።

ኬክ ግን ሌላ ነው። ኬክ ሠሪ ሁሉ «ያለ እንቁላል እንዴት ይሆናል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንቁላል በኬክ ውስጥ ብዙ ሥራ አለውና። ሲመታ አየር ይይዛል፤ ሲሞቅ ይረጋና የኬኩን ቅርጽ ያጸናል፤ አስኳሉ ውሃንና ዘይትን ያስታርቃል። እያንዳንዱን ሥራ ለሌላ ማስረከብ ያስፈልጋል። በአሜሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቅቤ በራሽን በሆነበት ወራት እንቁላልም ወተትም የሌለበት የቸኮሌት ኬክ በብዙ ቤት ይጋገር ነበር። እኔና ታላቅ እኅቴ የሞከርነው ይህን ነው፤ ልኩም እንዲህ ነው፤ አንድ ኩባያ ተኩል የስንዴ ዱቄት፥ ሦስት አራተኛ ኩባያ ስኳር፥ ሦስት የሾርባ ማንኪያ የካካዎ ዱቄት፥ አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፥ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ እነዚህ በደረቁ ይቀላቀላሉ። ከዚያ አንድ ሦስተኛ ኩባያ ዘይት፥ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶና አንድ ኩባያ ውሃ ይጨመራል። ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ ይማሰላል እንጂ እንደ ዳቦ አይታሽም፤ የታሸ እንደ ሆነ ግሉተን የተባለው የስንዴ ፕሮቲን ይጠነክርና ኬኩ ዳቦ ይሆናል። አቼቶው ሶዳውን እንደ ነካ ጋዝ መውጣት ስለሚጀምር ምድጃው አስቀድሞ ግሎ መጠበቅ አለበት።

የኬሚስትሪ ተማሪዎች እዚህ ላይ ሒሳብ ልንሠራ እንችላለን። አንድ የሻይ ማንኪያ ሶዳ ወደ 5 ግራም ቢሆን፥ ሞለኪዩላዊ ክብደቱ 84 ስለ ሆነ 0.06 ሞል ይሆናል። በአንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ውስጥ፥ አቼቶው ከመቶ አምስት እጅ ቢሆን፥ 0.75 ግራም አሴቲክ አሲድ አለ፤ ይህም በ60 ሲካፈል 0.0125 ሞል ነው። ስለዚህ አቼቶው የሚያጠፋው ከሶዳው አንድ አምስተኛውን ያህል ብቻ ነው! የቀረው በምድጃው ሙቀት ተበትኖ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሰጣል፤ ከኋላውም ሳሙና ሳሙና የሚል ጣዕም ያለው ሶዲየም ካርቦኔት ያስቀራል። ካካዎው ጥቂት አሲድ ስላለውና ጣዕሙም ብርቱ ስለ ሆነ ይህን ይሸፍነዋል። ካካዎ ሳይገባ ነጭ ኬክ የሚሠራ ሰው ግን ሶዳውን ቀንሶ የሎሚ ጭማቂ መጨመር አለበት። በአንዳንድ ካፌ የሚሸጥ የጾም ኬክ በአፍ ላይ የሚጎመዝዘው፥ እንደሚመስለኝ፥ በዚህ የተነሣ ነው። በማርጋሪን የተሠራውም ሁሉ የጾም አይደለም፤ አንዳንዱ ማርጋሪን የወተት ዱቄት አለበትና ማሸጊያውን ማንበብ ይገባል።

የአገራችን ከፍታ እንደ ወጡ ሁሉ ኬኩንም ይመለከተዋል። የአየሩ ግፊት ሦስት አራተኛ ያህል ከሆነ፥ ያው ጋዝ አንድ ከሦስት ዐሥረኛ እጥፍ ያህል ቦታ ይይዛል። ይህን ለመመርመር ከአንድ ዱቄት ሁለት ኬክ በአንድ ቀን ጋገርን፤ በአንደኛው ሙሉ ማንኪያ ሶዳ፥ በሁለተኛው ሦስት አራተኛ ማንኪያ አድርገን የቀረውን ሁሉ እኩል አደረግን። ሙሉው ሶዳ የገባበት በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከጠርዙ በላይ ተነፍቶ ሳለ፥ ሳይረጋ ጋዙ ስላመለጠው ወጥቶ ሲቀዘቅዝ መካከሉ እንደ ጎድጓዳ ሳሕን ገባ። ሁለተኛው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ራሱ ለጥ ያለ ሆነ። ሦስት አራተኛ በአንድ ከሦስት ዐሥረኛ ሲባዛ አንድ ያህል ይሆናልና ሒሳቡም ሥራውም ተስማሙ። የገባውን ኬክ ታናሽ ወንድሜ ስኳር ሞልቶበት በላው፤ ስለዚህ በቤታችን የከሰረ ነገር የለም። በሌላ ቀን ደግሞ ሙቀቱን ከ175 ወደ 190 ዲግሪ ከፍ አድርገን፥ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ውሃ ጨምረን ጋገርን፤ በ30 ደቂቃ ደረሰ፤ እርጥበቱም ከፊተኞቹ ተሻለ።

እንቁላልን ስለሚተኩ ሌሎች ነገሮች ሁለቱን ብቻ ልጥቀስ። አንዱ ተልባ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በሦስት ማንኪያ ውሃ ተበጥብጦ ጥቂት ሲቆይ እንደ እንቁላል ነጭ የሚዝለገለግ ይሆናል፤ አንድ እንቁላልንም ይተካል። ግሉተን የሌለውን የጤፍ ዱቄት ከስንዴው ጋር ቀላቅሎ ኬክ ለሚሠራ ሰው ተልባው እንዳይፈረፈር ይይዝለታል። ሁለተኛው የሽምብራ ቅቅል ውሃ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2014 ዓ.ም. ዦኤል ሮሴል የተባለ ፈረንሳዊ የጥራጥሬ ቅቅል ውሃ ሲመታ እንደ እንቁላል ነጭ አረፋ እንደሚሆን አገኘ፤ በሚከተለው ዓመት አሜሪካውያን ከላቲን ቃል «አኳፋባ»፥ ማለት የባቄላ ውሃ፥ ብለው ሰየሙት። ከሽምብራው የወጣው ፕሮቲንና ስታርች ነው አረፋውን የሚይዘው። እናቴ ንፍሮ ባፈላች ቍጥር የምንደፋው ውሃ ይህ መሆኑን ሳውቅ ገረመኝ። ውሃው እስኪወፍር አፍልቶ ማቀዝቀዝ ያስፈልጋል፤ የቀጠነው አረፋ አይዝም። ከስኳር ጋር ለዐሥር ደቂቃ ሲመታ ነጭ ክሬም ይሆናል፤ ነገር ግን ሲያድር ውሃ ስለሚያወጣ በዚያው ቀን መበላት አለበት።

ኬኩ ግን ሦስት ቀን ሳይደርቅ ይቆያል፤ ዘይት እንደ ቅቤ በብርድ አይረጋምና። ይህን ልክ በሌላ ከተማ የሚሞክር አንባቢ የአገሩን ከፍታ ያስብ። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ያህል ብቻ ስለ ሆነች ከሙሉው ማንኪያ ጥቂት ብቻ ማጉደል ይበቃል። ደብረ ብርሃን ግን ከ2,700 ሜትር በላይ ናትና ከሦስት አራተኛውም ትንሽ ይቀነስ፤ ውሃውም በአንድ ማንኪያ ይጨመር።